ከኋላ ረድፍ የተሰሙ ሁለት ጊታሮች

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በቅርቡ የክላሲካል ጊታር ኮንሰርት ገብቼ ነበር። 400 ሰው ገደማ የሚይዝ አዳራሽ ነው። ማይክሮፎን አልነበረም። የተቀመጥኩት ከኋላ ነው። ተጫዋቹ ከእረፍት በፊት በአንድ ጊታር፣ ከእረፍት በኋላ በሌላ ተጫወተ። ሁለቱም በእጅ የተሠሩ ናቸው ተባልን። የመጀመሪያውን ለመስማት ጆሮዬን መቅሰር ነበረብኝ። ሁለተኛው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። የሚገርመው ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ጆሮዬ ላይ የቀረው የመጀመሪያው ነው። ችግሩ ጆሮዬ ነው? በእጅ የተሠራ ጊታር ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ሰውየው ለምን ሁለት ጊታር ይዞ መጣ?»

ጆሮዎ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ጥሩ ሰምተዋል። የእኔ ሥራ ጊታር መሥራትና መጠገን ነው። ሰው ስለ ኮንሰርት ጊታር ሲያነሳብኝ ብዙውን ጊዜ የሚለው «የትኛው ይጮኻል?» ነው። ጆሮ ላይ ስለሚቀረው የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። መልሴ ቢረዝም አይፍረዱብኝ።

ጊታሮቹን አላየኋቸውም። ከነገሩኝ ስነሳ ግን የመጀመሪያው በጥንቱ የስፔን አሠራር የተሠራ ይመስለኛል። ሁለተኛው ደግሞ ዘመናዊ ከሚባሉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ የተሠሩበት ሐሳብ ይለያያል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ክር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ቀጭን ስለሆነ አየሩን እየሰነጠቀ ያልፋል እንጂ አይገፋውም። አየሩን የሚገፋው የጊታሩ ደረት ነው። ደረት የምለው ክብ ቀዳዳው ያለበትን የፊት ጣውላ ነው። ክሩ ብሪጁን (ክሮቹ ደረቱ ላይ የታሰሩበትን እንጨት) ያንቀጠቅጣል፣ ብሪጁ ደረቱን፣ ደረቱ ደግሞ አየሩን። በጥንቱ አሠራር ይህ ጣውላ 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በዚህ ውፍረቱ ላይ ስድስቱ ክሮች ተደምረው 40 ኪሎ ገደማ ይጎትቱታል። ገና በመጀመሪያው ቀን አለመሰበሩ ራሱ ያስገርማል።

አሁን ቫዮሊንን ያስቡ። ተጫዋቹ ቀስቱን እስከሳበ ድረስ ክሩ ጉልበት ያገኛል። ጊታር ይህ ዕድል የለውም። ጣት ክሩን ስቦ ከለቀቀ በቃ፤ ያለው ጉልበት ያ ብቻ ነው። የወር ደመወዙን በአንዴ እንደተቀበለ ሰው ነው። ከፈለገ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። ከፈለገ ቆጥቦ እስከ ወሩ መጨረሻ ያደርሰዋል። ደረቱ ቀላልና ልል ከሆነ ጉልበቱን ቶሎ ወደ አየር ያወጣዋል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ቶሎም ይሞታል። ከበድና ጠንከር ካለ ቀስ እያለ ነው የሚያወጣው። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ግን ይቆያል። ጊታር ሠሪ ዕድሜውን ሙሉ የሚጨቃጨቀው ከዚህ ሂሳብ ጋር ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እሰጣለሁ የሚል ሠሪ ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ።

ዛሬ የምናውቀውን ክላሲካል ጊታር መልክ ያስያዘው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ የተባለ ስፔናዊ ነው። ከ1817 እስከ 1892 ኖሯል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ በፊት የነበሩት ጊታሮች አነስ ያሉ ነበሩ። እሱ አካላቸውን አሰፋው። የክሩን ርዝመት 65 ሴንቲሜትር አደረገው፤ ዛሬም የተለመደው ይኸው ነው። ከደረቱ ሥር ሰባት ቀጫጭን እንጨቶችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ለጠፈ። ማራገቢያው ከእሱ በፊትም ነበር። ልኩን ያገኘለት ግን እሱ ነው።

በ1862 ያደረገው ነገር ሁሌ ያስቀኛል። የአንድ ጊታር ጀርባና ጎን ከካርቶን ሠራ። ደረቱን ብቻ ከጥሩ እንጨት አደረገው። ዋናው ነገር ደረቱ ነው ማለቱ ነው። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም አለ።

ይህ ከሆነ 160 ዓመት አልፎታል። ደንበኞቼ ግን አሁንም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጀርባው እንጨት ነው። የብራዚል ሮዝዉድ ሲባል ዓይናቸው ይበራል። ዛፉ ለመጥፋት ስለተቃረበ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1992 ጀምሮ ታግዷል። ብርቅ መሆኑ ደግሞ ዝናውን ጨመረለት። በ2018 እንግሊዝ ውስጥ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ስድስት የብረት ክር ጊታሮች ተሠሩ፤ የሚለያዩት በጀርባቸውና በጎናቸው እንጨት ብቻ ነው። 52 ጊታሪስቶች እንጨቱን እንዳያዩ ተደርገው ተጫወቱባቸው። ለድምፃቸው የሰጡት ነጥብ በጣም ተቀራራቢ ሆነ። ክላሲካል ጊታር አልነበረም፣ ልክ ነው። ጀርባው ምንም ሥራ የለውም ማለቴም አይደለም። ገንዘብዎንና ጆሮዎን መጀመሪያ ደረቱ ላይ ያውሉ ነው የምለው።

ወደ «በእጅ የተሠራ» ልምጣ። ቃሉ አስማት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥም እጅ አለ፣ እኔ ቤትም ማሽን አለ። ልዩነቱ ያለው እንጨቱ ላይ ነው። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳ እኩል አይጠነክሩም። ፋብሪካ ይህን እያንዳንዱ ጣውላ ላይ እየቆመ ሊመረምር አይችልም። ለሁሉም አንድ ውፍረት ይመርጣል። የሚመርጠውም በጣም ደካማው ጣውላ እንኳ የማይሰበርበትን ነው። ስለዚህ ጠንካራው ጣውላ ያለ ምክንያት ወፍሮ ይቀራል።

ይህ ትርፍ ውፍረት ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። የአንድ ጣውላ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም። የሚሄደው ከውፍረት × ውፍረት × ውፍረት ጋር ነው። ጣውላውን በ10 በመቶ ካሳሳሁት ክብደቱ በ10 በመቶ ብቻ ይቀንሳል፤ ጥንካሬው ግን በ27 በመቶ ይወርዳል። ከ2.5 ሚሊሜትር ወደ 2.25 መውረድ ማለት ነው። ዓይን አያየውም። ጆሮ ግን ይሰማዋል። የእጅ ሠሪው ሥራ እዚህች ሩብ ሚሊሜትር ላይ ነው ያለው። ጣውላውን በሁለት እጄ ይዤ በአውራ ጣቴ አጥፈዋለሁ፣ አንኳኳዋለሁ፣ እመዝነዋለሁ፣ ትንሽ እልጋለሁ፣ ደግሜ አጥፈዋለሁ። «እንጨቱ ያናግረኛል» የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እኔን አናግሮኝ አያውቅም። ሚዛኔ ግን ያናግረኛል።

ስለዚህ በእጅ የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው አይባልም። አበላሽቼ የሸሸግኳቸው ጊታሮች አሉኝ። ከፋብሪካ ወጥቶ እጄን አፌ ላይ ያስጫነኝ ጊታርም ገጥሞኛል። ግን ኮንሰርት ላይ የሚታዩት ጊታሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ሰው ወይም ትንሽ ወርክሾፕ ጣውላ በጣውላ የሠራቸው ናቸው። ምክንያቱ ያቺ ሩብ ሚሊሜትር ናት።

ወደ ሁለተኛው ጊታርዎ እንሂድ። ለምን እንዲያ ጮኸ?

ጊታር ድሮ የሳሎን መሣሪያ ነበር። ወደ ትልልቅ አዳራሾች ይዘውት ከገቡት ሁሉ ዋናው አንድሬስ ሴጎቪያ ነው። ከ1912 ጀምሮ ማድሪድ ከሚገኘው የማኑኤል ራሚሬዝ ወርክሾፕ በወጣ ጊታር ተጫወተ። በ1937 ደግሞ ጀርመናዊው ኸርማን ሃውዘር የሠራለትን ያዘ። ሁለቱም ጊታሮች ዛሬ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ቀጫጭኖቹ ክሮች ያኔ ከእንስሳ አንጀት ነበር የሚሠሩት። በ1940ዎቹ አልበርት ኦገስቲን ኒው ዮርክ ውስጥ የናይለን ክር ሠራ። እንደ አንጀት ክር ቶሎ አይበጠስም፣ እርጥበት እንደዚያ አያስቸግረውም። ከዚያ ሁሉም አዳራሹን ማሳደድ ጀመረ። በ1960ዎቹ ስፔናዊው ጊታር ሠሪ ሦስተኛው ሆሴ ራሚሬዝ በተለመደው የስፕሩስ እንጨት ፋንታ ሴዳር የሚባለውን ቀይማ እንጨት ለደረት አመጣ። የክሩንም ርዝመት ወደ 66.4 ሴንቲሜትር አሳደገው። ሴዳር ከመጀመሪያው ቀን ሞቅ ያለና ክፍት ድምፅ ይሰጣል። ስፕሩስ ሲጀምር ቁጥብ ነው። እየተጫወቱበት ይከፈታል ይላሉ ሠሪዎች፤ እኔም በልምዴ እንደዚያው ነው ያየሁት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ግሬግ ስሞልማን ማራገቢያውን ተወው። በቦታው እንደ መስኮት ፍርግርግ የተሰካኩ እንጨቶች አስገባ። እንጨቶቹ ባልሳ ናቸው፤ ከላባ ብዙም አይከብዱም። ጥንካሬ እንዲኖራቸው ካርቦን ፋይበር ለጠፈባቸው። ፍርግርጉ ስለተሸከመው ደረቱን ራሱን እንደ ወፍራም ወረቀት ማሳሳት ቻለ። ጀርባውና ጎኑ በተቃራኒው ወፍራምና ከባድ ሆኑ፤ ጉልበቱ ወደ እነሱ እንዳይባክን። ታዋቂው ጊታሪስት ጆን ዊሊያምስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በእሱ ጊታር ስለተጫወተ ዓለም ሁሉ ሰማው። ጀርመኖቹ ማቲያስ ዳማንና ገርኖት ዋግነር ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ሁለት በጣም ስስ ጣውላዎችን ወስደው መሐላቸው ኖሜክስ አስገቡ። ኖሜክስ እዚህ ላይ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ አውሮፕላን ውስጥም የሚገባ ቁስ ነው። ድርብ ደረት ይባላል።

የደመወዙን ምሳሌ ያስታውሱ። እነዚህ ጊታሮች ደመወዛቸውን ቶሎ የሚያወጡ ናቸው። ኖታው ሲነሳ ደምቆ ይነሳል። ከኋላ ረድፍ ቁልጭ ያለልዎት ያ መነሻው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ውርደት ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ ጊታር ሠራሁ። ወርክሾፔ ውስጥ ስነካው ባሱ ሆዴን ያንቀጠቅጠዋል። በጣም ኮራሁ። አንድ ጥሩ ተጫዋች አዳራሽ ውስጥ እንዲሞክረው ሰጠሁትና ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጭጋግ ነበር። ባሱ አለ፣ ዜማው የለም። ከዚያ አብሮ ያመጣውን ሌላ ጊታር አነሳ። አሮጌ፣ አነስተኛ፣ ከቅርብ ሲሰማ ደረቅ ያለ። እዚያ ከኋላ ሆኜ እያንዳንዱ ኖታ እንደ ጠጠር ጥርት ብሎ ደረሰኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሆነው ነገር ሲገባኝ ቀላል ነው። ክፍት በሆነ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። አዳራሽ ውስጥም በቀጥታ የሚደርስዎት ድምፅ እንዲሁ ነው። ከ2 ሜትር ወደ 16 ሜትር ሲሄዱ ሦስት ጊዜ እጥፍ ሆነ፣ 18 ዴሲቤል ጠፋ። የቀረውን የሚሞላልዎት ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ የሚመጣው ነው። ጆሯችን ደግሞ ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። ይበልጥ የሚነቃው በሰከንድ ከ2000 እስከ 4000 ጊዜ ለሚርገበገበው ነው። ሩቅ ሲሆኑ ድምፁ ደከም ስለሚል የባሱ ነገር ከሁሉ በፊት ይጠፋብዎታል። እዚያ ንቁ በሆነው ቦታ ላይ ጉልበት ያለው ጊታር ግን ትንሽም ቢሆን ይደርሳል። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ግማሽ ሜትር ላይ ሆኜ የምሰማው ጊታርና እርስዎ የሚሰሙት ጊታር አንድ አይደሉም። ዛሬ የሠራሁትን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ኮሪደሩ ጫፍ ሄጄ ነው የምፈርድበት።

እና የመጀመሪያው ለምን ጆሮዎ ላይ ቀረ? ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንዱ ቀለም ነው። ተጫዋቹ ቀኝ እጁን ወደ አንገቱ ጠጋ አድርጎ ሲነካ ድምፁ ለስላሳና ክብ ይሆናል። ወደ ብሪጁ ሲወስደው ብረት ብረት ይላል። ጥሩ የጥንት አሠራር ጊታር ላይ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። አንድ ዜማ ሁለት ሰው የተቀባበለው ይመስላል። ከሚጮኹት ብዙዎቹ ላይ ይህ ርቀት ይጠባል። ሁሉም ነገር ያምራል፣ ሁሉም ነገር ግን በአንድ ድምፅ ያምራል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። የማይስማሙ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች አሉ፤ ፍርግርግ ጊታር ላይ የማልጠብቀውን ቀለም አውጥተው አፌን ያስያዙኝም አሉ።

ሌላው የድምፁ አሟሟት ነው። ቆጣቢው ጊታር ኖታውን ይዞ ይቆያል። እየደከመ ሲሄድ መልኩ ይቀየራል። ጆሮ ይህን ተከትሎ ይሄዳል፤ ዝምታው ሲመጣ እንኳ የት እንደጀመረ አይታወቅም።

የመጨረሻው ራስዎ የሠሩት ነው። ጆሮዎን ቀሰሩ። ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ጠጋ እንላለን። በጮኸ ጊዜ ወደ ኋላ እንላለን። ለመስማት የደከሙበትን ነገር አይረሱትም። ይህን ስል ሁለተኛውን ጊታር እንዳልበድለው እፈራለሁ። ተራውን ቢቀይረው ኖሮ ምናልባት ሌላ ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር። ከጩኸት ከተማ የገባ ጆሮ ወደ ጊታር ልክ ለመውረድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጊታር ይህን ዋጋ ከፈለ፤ ሁለተኛው ደግሞ በተከፈለበት ገባ።

የጣትንም አንርሳ። ክላሲካል ጊታር የሚመታው በጥፍርና በጣት ሥጋ ነው። ጥፍሩ እንዴት እንደተሞረደ፣ ክሩን በምን አቅጣጫ እንደለቀቀ፣ ይህ ሁሉ ድምፁን ይቀይራል። አንድን ጊታር ሁለት ሰው ሲነካው ሁለት ጊታር ነው። አንዳንዴ አንድ ተጫዋች የእኔን ጊታር ሲነካ «ይህን እኔ አልሠራሁትም» እላለሁ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ስለ መቀመጫ። የፊተኛውን ረድፍ አይምረጡ። እዚያ ጣት በወፍራም ክሮች ላይ ሲንሸራተት የሚፈጥረውን ሲጥሲጥታ ሁሉ ይሰማሉ፣ የአዳራሹን ድምፅ ግን አያገኙም። ከሦስተኛው ረድፍ እስከ መሐል ጥሩ ነው። አዳራሹ ፎቅ መቀመጫ (ባልኮኒ) ካለው ከሥሩ አይቀመጡ፤ ከላይ የሚመለሰው ድምፅ አይደርስዎትም። ለጊታር የተመቹ አዳራሾች ትልልቅ አይደሉም። ለንደን የሚገኘው ዊግሞር ሆል በ1901 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ያለ ማይክሮፎን ጊታር ይሰማበታል፤ የሚይዘው 550 ሰው ገደማ ነው። ከኦርኬስትራ ጋር ሲሆን ግን ማይክሮፎን ማስገባት ነውር አይደለም። ሴጎቪያ ማይክሮፎንን አይቀበልም ነበር። ዊሊያምስ በሙሉ ልቡ ይጠቀምበት ነበር። እኔ በዚህ ነገር ከዊሊያምስ ጋር ነኝ፤ አርባ ቫዮሊን ፊት ጊታርን ባዶ እጁን መላክ ግፍ ነው። በየመሐሉ ክር ሲያስተካክል ካዩም ጊታሩ መጥፎ ነው ብለው አያስቡ። ናይለን በመድረክ መብራት ሙቀት ቅኝቱን ይለውጣል።

ጊታሩን ለመመዘን ከፈለጉ ዓይንዎን ይጨፍኑና አንድ ነገር ይጠብቁ። ቀጭኑ ክር ላይ፣ ከአንገቱ አልፎ ወደ ቀዳዳው በተጠጋው ቦታ፣ ዜማው ከፍ ብሎ አንድ ኖታ ላይ ሲቆም። ከጊታር ሁሉ ድሃው ቦታ እሱ ነው። ርካሽ ጊታር እዚያ ላይ «ጠክ» ብሎ ይሞታል። ጥሩው ኖታውን ይሸከመዋል። እሱን ካለፈ ደግሞ የመሐሉን ድምፅ ይፈልጉ። ባሱም ዜማውም ያልሆነውን፣ በሁለቱ መካከል የሚሄደውን። ከኋላ ረድፍ እሱን ነጥለው መከተል ከቻሉ ሠሪው ሥራውን ሠርቷል።

ሰውየው ለምን ሁለት ይዞ መጣ ላሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፕሮግራሙ ነው። ጥንታዊና ስስ ቁራጮች ለመጀመሪያው፣ ሰፋፊ አኮርድ ያላቸውና ፈጣኖቹ ለሁለተኛው። ግን ለምን አይጠይቁትም? ጊታሪስት ከኮንሰርት በኋላ ስለ ጊታሩ ሲጠየቅ ድካሙን ይረሳል። «የትኛው ይሻላል?» አይበሉት፣ በጨዋ መልስ ያልፍዎታል። «ብቻህን ቤትህ ስትሆን የትኛውን ታነሳለህ?» ይበሉት።